አራት እርምጃ በሙንጣር ቁልቁለት

ኦገስት 30፣ ቅዳሜ

ወንድሜ ዙሁዲ በ1979 አራት እርምጃ መሬት ሰርቆኛል፤ በላዩም ሦስት ወይራ ተክሎበታል። ደብተሩን በዚህ እጀምራለሁ፤ ምክንያቱም ሰዎች ነገሩን ማለሳለስ ጀምረዋል። "አለመግባባት" ይላሉ። አለመግባባት አይደለም፣ ስርቆት ነው። አማን ከተማ ሄጄ ሁለት ዓመት ድንጋይ ስጠርብ ቆየሁ። ስመለስ ሙንጣር፣ ቁልቁለቱ ላይ ወዳለው የወይራ መሬታችን፣ ወርጄ ከእርከኑ ካብ ጀምሬ፣ አባቴ እንዳሳየኝ፣ ቁልቁል ሃያ እርምጃ ለካሁ። የወሰኑ ሽንኩርት፣ ድንበር ላይ የሚተከለው መራራ የዱር ሽንኩርት፣ እዚያ አልነበረም። አራት እርምጃ ወደ ላይ፣ ወደ እኔ መሬት ገብቶ ተተክሏል። ዙሁዲን ጠየቅሁት። ስለ ካቡ አንድ ነገር ሊነግረኝ ጀመረ። የሌባ ወሬ እስከ መጨረሻው አልሰማም፤ ትቼው ሄድኩ። አርባ ስድስት ዓመት ሆነን፤ ቃል አልተለዋወጥንም።

አሁን የመሬት መዝጋቢ ኮሚቴ መንደራችን ገብቷል። ማስታወቂያው መስጊዱ በር ላይ ነው። ባለመሬቱ ወሰኑን ያሳያል፣ ቀያሹ ይለካል፣ ወሰንተኛው ይፈርማል። ሁለቱ ካልተስማሙ የሁለቱም ቁራሽ "ክርክር ያለበት" ተብሎ ሳይመዘገብ ይቀራል። የመጨረሻው ቀን ኦክቶበር 16።

ከሙንጣር በላይ፣ ኮረብታው ጫፍ ላይ፣ ከሚያዝያ ጀምሮ አምስት የሰፋሪ ካራቫን፣ ተጎታች ቤት፣ ቆሟል። ጄኔሬተሩ ከቤቴ ይሰማል። ሰነድ የሌለውን መሬት አንድ ቀን የመንግሥታቸው ነው ብለው ያውጁበታል፤ ከዚያ መንገድ ያወጡበታል። በወዲያኛው ሸለቆ አይተነዋል።

ሴፕቴምበር 2

ሁለት የአጎት ልጆች ወሰን አጣልቷቸው ጠሩኝ። ሄድኩ። የኮሚቴው ቀያሽም ነበረች፤ ሩባ ትባላለች፣ ከቱልከርም የመጣች መሐንዲስ፣ ባለ ሦስት እግር መሣሪያዋን ተሸክማ።

አንደኛው ልጅ ወሰኑ እዚህ ነው ይላል፣ ሌላው እዚያ። ሁለቱንም ዝም አሰኘኋቸው። በዚህ ወር የወሰን ሽንኩርት ቅጠል የለውም፤ ከደረቅ መሬት እስከ ሰው ወገብ የሚደርስ አገዳ አውጥቶ ነጭ ያብባል። ሥሩን ወደ ጎን አይሰድም። ማረሻ አይነቅለውም፣ መራራ ስለሆነ ፍየልም አይበላውም። ሌባ ቆፍሮ ቢያወጣው እንኳ ከታች ቁራጭ ይቀራል፤ ከዚያች ቁራጭ ልጅ ይበቅላል። ስለዚህ የድሮውን ቦታ ያጋልጣል። አበቦቹን ተከትዬ ሄድኩ። ከአዲሱ መስመር ሦስት እርምጃ ርቀው አራት ቀጫጭን አገዳዎች ለብቻቸው አብበዋል።

"ከዚህ ነው የተነቀለው" አልኩ። "ማን እንደነቀለው አልጠይቅም። መልሱት።"

ልጁ ቀላ። መለሱት።

ሩባ ሳቀች። "አጎቴ፣ እርስዎ ካሉ እኔ ምን ላደርግ መጣሁ?"

"ወረቀቱን ልትጽፊ። ሽንኩርት አይጽፍም።"

"የእርስዎን ሙንጣርስ መቼ እንለካው?"

"በኦክቶበር።"

"አበባው እኮ ያኔ ይደርቃል። አሁን ቢሆን አይሻልም?"

በሴፕቴምበር ወደ ሙንጣር አልወርድም። ጉልበቴ ሙቀት አይወድም። እንዲሁ ነገርኳት።

ሴፕቴምበር 7

ጄኔሬተሩ ሌሊቱን ሙሉ። ከጠዋት ጀምሮ ሰባት የሰፋሪዎቹ ፍየሎች የጎረቤታችንን የኡም ጀዋድን በለስ ሲበሉ ዋሉ። ፈርቶ ማንም አልወጣም።

ሴፕቴምበር 11

ሽማግሌዎች መጡ። አምስት ሆነው፣ በምክር ቤቱ ሊቀመንበር በአቡ አዲብ መሪነት። ሚስቴ ናዚሃ ቡና አቀረበች። እንደ ልማዱ ማንም አላነሳም፤ ሲኒዎቹ ፊት ለፊታቸው ተቀመጡ። የመጡበት ካልተፈጸመ አይጠጡም።

"አቡ ሙንዚር" አለኝ አቡ አዲብ በልጄ ስም ጠርቶ፣ "የመጣነው ለአራት እርምጃ አይደለም። ለሙንጣር ነው። አንተና ዙሁዲ ካልፈረማችሁ አሥራ አንድ ዱኑም መሬት በቀጥታ ከካራቫኖቹ ሥር ባዶ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። ከእናንተ በታች ያለው ሁሉ ይከተላል።"

"ዙሁዲ እውነተኛውን ወሰን ይቀበል። ዛሬውኑ እፈርማለሁ።"

"እውነተኛው የቱ ነው?"

"የእኔ።"

ከመካከላቸው አንዱ፣ ጥርሱ ያለቀው የቀድሞ አስተማሪ፣ "አላህ ዕድሜ ይስጥህ፣ እኛ ግን እስክንሞት ቡናው ይጠብቀን?" አለ። ሌሎቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

"ዙሁዲ ምን ይላል?" ብዬ መጠየቅ አልፈለግኩም ነበር። አቡ አዲብ ሳልጠይቀው ነገረኝ። "ዙሁዲ 'ወንድሜ የፈለገውን ያድርግ' ነው ያለው።"

ይህ የሌባ ትሕትና ነው። አልተቀበልኩትም። ተነሥተው ሄዱ። አምስቱ ሲኒ ሞልቶ ቀረ። ናዚሃ አንድ በአንድ ማጠቢያው ውስጥ ደፋቻቸው፤ ሲኒውን ከሚያስፈልገው በላይ እያጋጨች።

ሴፕቴምበር 14

ናዚሃ ከሙንዚር ጋር በስልክ ስታወራ ሰማሁ። ልጃችን ሳንቲያጎ ነው የሚኖረው፤ እዚያ ጨርቃ ጨርቅ ይሸጣል። "አባትህ በሴፕቴምበር ሙንጣር ወርዶ አያውቅም" ትለዋለች። "አንተ ልጅ ሆነህም። አስታውስ እስቲ። አንድም ጊዜ።"

ድምፅሽን ቀንሺ አልኳት። ጆሮዋ እየከበዳት ስለሆነ ትጮኻለች።

ሴፕቴምበር 18

በ1978 ከአማን የገዛሁትን የዓለም አቀፍ ሕግ መጽሐፍ አወጣሁ። ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ ትቼ ይህን መጽሐፍ አራት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ በመጀመሪያው ጊዜ ከግማሹ በላይ አልገባኝም ነበር። አንድ አገር አገር የሚባለው በአራት ነገር ነው። ቋሚ ሕዝብ፣ የታወቀ ግዛት፣ መንግሥት፣ ከሌሎች ጋር ግንኙነት የመፍጠር ችሎታ። በ1933 የተጻፈ የአገሮች ስምምነት ነው። እዚያው ላይ የአገር መኖር በሌሎች ዕውቅና ላይ እንደማይመሠረት ተጽፏል። ዕውቅና አገር አይፈጥርም። ያለውን አየሁ ብሎ መፈረም ነው። ሌላ ወገን ደግሞ ያልታወቀ አገር የለም ይላል። እኔ ከመጀመሪያው ወገን ነኝ። አባቴ ማንም ሳያውቅለት ነበረ፤ አያቴም።

ሁለተኛውን ነጥብ ሰዎች ይስቱታል። ግዛቱ የታወቀ መሆን አለበት ማለት ወሰኑ ሁሉ ያለ ክርክር ይቆረጥ ማለት አይደለም። የወሰናቸው ክርክር ሳያልቅ ዕውቅና ያገኙ፣ የተባበሩት መንግሥታት ውስጥም የገቡ አሉ። ከእነሱ አንዱ የካራቫኖቹ ባለቤት አገር ነው። ዓለም ክርክር ያለበትን አገር ይመዘግባል፣ የእኛ ኮሚቴ ግን ክርክር ያለበትን የወይራ መሬት አይመዘግብም። ይህን ለሩባ ነገርኳት።

"ታዲያ አጎቴ፣ ለኒውዮርክ ያመልክቱ" አለችኝ።

ባለጌ አይደለችም። አእምሮዋ ስል ነው።

ሴፕቴምበር 21፣ እሑድ

ብሪታንያ። ካናዳ። አውስትራሊያ። ፖርቱጋል። በአንድ ቀን ለአገራችን ዕውቅና ሰጡ። ጸጉር ቆራጩ ቤት ቴሌቪዥኑ ፊት ቆመን ሰማን። ማንም አላጨበጨበም። ጋዛ ዛሬም በቦምብ ይመታል፤ ቴሌቪዥኑ ሁለቱንም እያፈራረቀ ያሳያል።

ሰዎች ወደ እኔ ዞሩ፤ በእንዲህ ያለ ነገር የሚጠይቁት እኔን ነው። "ዛሬ አገር ሆንን ማለት ነው?" አለኝ ጸጉር ቆራጩ።

"ትናንትም ነበርን" አልኩ። "እነሱ ናቸው ዛሬ ያዩት። ብሪታንያ ምድራችንን ለሌላ ቃል ከገባች መቶ ስምንት ዓመት ሆናት፤ ዘግይታለች።"

ጸጉር ቆራጩ ማበጠሪያውን ይዞ፦ "አቡ ሙንዚር፣ ለንደን እንኳ ዕውቅና ሰጠች። አንተ ለዙሁዲ መቼ ነው?"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ግማሽ ጸጉሬ ሳይቆረጥ ወጣሁ። ናዚሃ ስታየኝ ምንም ሳትጠይቅ መቀሱን አምጥታ ጨረሰችው።

ሴፕቴምበር 22

ዛሬ ፈረንሳይና ሌሎችም። አቡ አዲብ ምክር ቤቱ ላይ አዲስ ባንዲራ ሰቀለ። ከሰዓት በኋላ ወታደሮች ገብተው አወረዱት። ማታ ድጋሚ ሰቀለው።

ሩባ ደወለች። ወደ ሙንጣር የሚወስደው መንገድ ከኦክቶበር መጀመሪያ ጀምሮ ወታደሮች እንዳይዘጉት ኮሚቴው ስለሰጋ ልኬታው ወደዚህ ሳምንት ተስቧል። ረቡዕ ይለካል። ኦክቶበር ብያችኋለሁ አልኳት። "አጎቴ፣ እኔም ኦክቶበር ብያቸው ነበር" አለች።

ሴፕቴምበር 24፣ ረቡዕ

ወረድን። ሩባ፣ ረዳቷና እኔ። ዙሁዲ እንዲመጣ ተነግሮት ነበር፤ እሱ ግን ስሜን ጠርቶ "ራጊብ እዚያ ካለ እኔ መቆም አያስፈልገኝም" ብሎ ቀረ።

ነገሩን እንደሆነው እጽፋለሁ።

ሽንኩርቱ አብቧል። ከወደ ምሥራቁ ድንጋይ እስከ ቦዩ ድረስ አንድ መስመር፣ ነጭ፣ ቀጥ ያለ፣ አምሳ ሦስት አገዳ። ረዳቱ ቆጠረው። ይህ የዙሁዲ መስመር ነው። ሩባ "የእርስዎን ያሳዩኝ" አለች። ከካቡ ጀምሬ ሃያ እርምጃ ወረድኩና ቆምኩ። "ከዚህ ነቅሎ ነው ወደ ላይ የወሰደው" አልኩ።

ግራና ቀኝ አየች። እየተራመደች እስከ ቦዩ ሄዳ ተመለሰች። ከጫማዬ ጀምሮ እስከ ቦዩ ደረቅ ሣርና ድንጋይ ብቻ ነው። አንድም አገዳ የለም።

"አጎቴ" አለች፣ በቀስታ። "ያን ቀን ለልጆቹ... ሲነቀል ከታች ቁራጭ ይቀራል ብለው ነበር።"

"ብያለሁ።"

"አርባ ስድስት ዓመት ነው።"

"መቁጠር እችላለሁ።"

ሌላ አልጠየቀችም። መሣሪያዋን ተክላ ሁለቱንም መስመር ለካች፤ የሚያብበውንም፣ የማያብበውንም። ጃርት በልቶት ሊሆን ይችላል አልኳት። ጻፈችው። "የባለይዞታው አስተያየት፦ ጃርት።" ስታነብልኝ አልሳቀችም፤ ይህ ከሳቅ የባሰ ነበር።

ስንወጣ ከካራቫኖቹ አንድ ሰው ወደ እኛ ጥቂት ወርዶ በስልኩ ይቀርጸን ነበር።

ሴፕቴምበር 25

ምንም።

ሴፕቴምበር 27

ጃርት ይህን ሽንኩርት አይበላም። መራራ ነው። ራሴ ለአርባ ዓመት ስናገር የኖርኩት ነው። እንድትሰርዘው ለሩባ መንገር አለብኝ።

ምናልባት ዙሁዲ በጥልቀት ቆፍሮ ይሆናል። አንድም ቁራጭ ሳይተው። አምሳ ሦስቱንም። ዙሁዲ ደግሞ የራሱን ጫማ ማሰሪያ እንኳ እስከ መጨረሻው የማያስር ሰው ነው።

ሴፕቴምበር 30

ብቻዬን ወረድኩ። መዶሻና አካፋ ይዤ፤ ለናዚሃ የካቡ ድንጋይ ወድቋል አልኳት። አልወደቀም።

ስድሳ ዓመት ድንጋይ የጠረበ ሰው ካብን እንደ ደብዳቤ ያነበዋል። ያን ካብ ከአማን ከተመለስኩ ጀምሮ ስንት ጊዜ አልፌበታለሁ፣ ወይራዬን ስለቅም ተደግፌበታለሁ። ሆነ ብዬ አላየሁትም ማለት አልችልም፤ አላየሁትም ግን። የአባቴ ካብ ትልልቅ ድንጋይ በደረቁ የተገጠመ ነው፣ ጠጠር አያበዛም። ይህ ካብ በየመገጣጠሚያው ጠጠር ተሞልቷል። የዙሁዲ እጅ ነው። ዙሁዲ ክፍተት ካየ ጠጠር ሳይወትፍ አያድርም፤ አባቴ በዚህ ይቆጣው ነበር።

ከካቡ ወደ ላይ አራት እርምጃ ቆጥሬ ቆፈርኩ። ክንድ ያህል ስወርድ መሠረቱን አገኘሁት። ትልልቅ ድንጋይ። በደረቁ የተገጠመ።

እኔ አማን እያለሁ የነበረው ክረምት ዝናቡ ከባድ እንደነበር እናቴ ጽፋልኝ ነበር። ካብ ፈረሰ ብላም ጽፋ ይሆናል። ደብዳቤው የለኝም። ዙሁዲ የእኔን ካብ፣ በእኔ መሬት ላይ፣ እኔ በሌለሁበት መልሶ ክቦታል፤ የድሮው መሠረት ስለተቦረቦረ አራት እርምጃ ዝቅ አድርጎ። እኔ ሃያውን እርምጃ የለካሁት ከዚህ ከአዲሱ ካብ ነው።

ማንም አልነገረኝም።

ሊነግረኝ ጀምሮ ነበር።

ጉድጓዱን መልሼ ሞላሁት።

በ2011 ሚስቱ ስትሞት ለቅሶ አልሄድኩም። ናዚሃ ሄደች። ያን ቀን የመስጊዱን ደረጃ እየሠራሁ ነበር፤ ሥራውን ማቆም አይቻልም ነበር። ለምን ይህን እንደምጽፍ አላውቅም። ከካቡ ጋር አይገናኝም።

ኦክቶበር 4

ራሴን አመመኝ። ናዚሃ በመርየሚያ ቅጠል የፈላ ሻይ ሰጠችኝ። "ካቡን ጠገንከው?" አለች።

"ጠገንኩት።"

"ምን ሆኖ ነበር?"

"ምንም አልሆነም።"

ከዚያ ሽንብራ መልቀሟን ቀጠለች።

ኦክቶበር 10፣ ዓርብ

ጋዛ ላይ ተኩስ ቆመ ተባለ። ከጁምዓ በኋላ ሰዎች በደስታና በጥርጣሬ መሐል ቆመው ያወራሉ። አቡ አዲብ "ስድስት ቀን ቀረ" አለኝ እንጂ ስለ ጋዛ ምንም አላለም። ሽማግሌ ድጋሚ አልክብህም፣ የሚደፋ ቡና በቃን አለ።

ኦክቶበር 13

ሩባ ቤት መጣች። ናዚሃ ዛዕተር ቅመምና ዳቦ አቀረበችላት፤ በላች፣ አመሰገነች፣ ከዚያ ከፋይሉ አንድ ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

"አጎቴ፣ ክርክሩ አልቋል። ወንድምዎ ትናንት መጥተው ፈረሙ።"

አየሁት። ዙሁዲ የፈረመው በእኔ መስመር ላይ ነው። ምንም በማይበቅልበት መስመር ላይ። ሦስቱ ወይራ ወደ እኔ ገብቷል። ከሥሩ በተንቀጠቀጠ እጅ፦ "የወንድሜን የራጊብን ወሰን አውቄ ተቀብያለሁ።"

"ነገርኳቸው" አለች ሩባ፤ "'አበባው ለእርስዎ ይመሰክራል፣ ብናሳይ ያሸንፋሉ' አልኳቸው። 'ልጄ፣ አራቱን እርምጃ እሱ ይብላው፣ ካራቫኖቹ ከሚበሉት' አሉኝ። የቀረው የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው። እዚህ ጋ።"

እስክሪብቶ አቀበለችኝ። ናዚሃ ከማድ ቤቱ በር ቆማ ነበር።

"መነጽሬን አላገኘሁትም" አልኩ። መነጽሩ ዓይኔ ላይ ነበር። ሁለቱም አዩት። ሩባ ወረቀቱን ወደ ፋይሉ መለሰችው።

ኦክቶበር 15

በጠዋት ወደ ምክር ቤቱ ሄድኩ፤ ኮሚቴው አንዱን ክፍል ይዟል። ዙሁዲን ጥሩልኝ አልኩ። በከዘራ መጣ። በአርባ ስድስት ዓመት ውስጥ ከመንገድ ማዶ እንጂ በዚህ ቅርበት አላየሁትም። ጆሮው የአባቴ ነው።

"አርጅተሃል" አለኝ።

"አንተም አላማረብህም" አልኩት።

ወረቀቱን ጠየቅሁ። ሩባ ሰጠችኝ። ማስመሪያ አንሥቼ የወሰኑን መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰረዝኩት። አቡ አዲብ ከወንበሩ ተነሣ። "አንተ ሰውዬ! አንድ ቀን እኮ ነው የቀረው! አበድክ?"

"መስመሩ ስህተት ነው" አልኩ። "መሐንዲሷ የአበባውንም ለክታ ነበር። እሱን አምጪ።"

ሩባ ሁለተኛውን ካርታ አወጣች። ተዘጋጅቶ ነበር። መቼ እንዳዘጋጀችው አልጠየቅሁም።

"ራጊብ" አለ ዙሁዲ። "ሰጥቼሃለሁ እኮ።"

"ያልተሰረቀብኝን መሬት አልቀበልም።"

ይህን ያልኩት እንደዚያ ልል አስቤ አልነበረም። ዙሁዲ ከዘራውን ጠረጴዛው ላይ አስደግፎ ተጠጋኝ። "ያን ጊዜ ካቡን እኮ..." ብሎ ጀመረ።

"ፈርም" አልኩት። "ሰው እየጠበቀን ነው።"

ፈረመ። ፈረምኩ። ሩባ ማኅተሙን ስትመታ ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ። ስለ ጃርቱ የጻፈችውን እንድትሰርዝ ነገርኳት። "ድሮ ሰርዤዋለሁ አጎቴ" አለች።

አቡ አዲብ ቡና አስመጣ። ሁለት ሲኒ፣ አንዱ ፊቴ፣ አንዱ ዙሁዲ ፊት። ሲኒው አፉ ጋ ሲደርስ የዙሁዲ እጅ ስለሚንቀጠቀጥ ይፈስበታል። ከሥሩ ያዝኩለት። ቡናው እንዳይባክን ነው።

ኦክቶበር 18፣ ቅዳሜ

ወይራ ለቀማ ጀመርን። ዘንድሮ ፍሬው ጥቂት ነው። ካራቫኖቹ ጋ ሦስት ሰዎች ቆመው ሲያዩን ዋሉ፤ አልወረዱም። ነገ ሊወርዱ ይችላሉ። ወረቀቱ አያቆማቸውም፤ ግን የማን መሬት ላይ እንደወረዱ ከእንግዲህ ተጽፏል።

የሽንኩርቱ አገዳ ደርቋል፣ መስመሩ ግን ይታያል። ዙሁዲ ከታች፣ እኔ ከላይ። ሦስቱ ወይራ ከሁላችንም ዛፍ ይልቅ ፍሬ ይዟል፤ ዙሁዲ በደንብ ይገርዘዋል። ለለቀማ ያነጠፈው ሸራ ጫፉ ወደ እኔ ተሻግሮ ነበር፤ አላነሳሁትም።

በምሳ ሰዓት ዳቦውን ይዞ መጥቶ ካቡ ላይ ተቀመጠ። በእጁ ጠጠሮቹን ዳሰሰ። "ማን እንደካበው አወቅህ?" አለኝ።

"ጠጠር አብዝቶበታል" አልኩት።

ሳቀ፤ እስኪያስለው ድረስ። ናዚሃም ሳቀች። እኔ ወደ መሰላሌ ተመለስኩ።

የዚህን ደብተር የመጀመሪያውን መስመር ዛሬ አነበብኩት። ልሰርዘው እስክሪብቶ አነሣሁ። የጻፍኩትን አልሰርዝም፤ ይቆይ። ወሰኑ አበባው ባለበት ነው። ስለ አራቱ እርምጃ ናዚሃ ብትጠይቀኝ፣ ሙንዚር ከሳንቲያጎ ቢደውል፣ ዙሁዲ ራሱ ካቡ ላይ ተቀምጦ እስኪጨልም ቢጠብቀኝ፣ አንድ ቃል አይሰሙም። እዚህም አልጽፈውም። ስለዚህ ነገር ዳግመኛ አልናገርም።